«የለጋሹን ልደት መዝግቡ»፦ ቅርበት ማለት ይሄ ነው?

ጎህ፦ የበጎ አድራጎት ገንዘብ አሰባሰብ ስልጠና ላይ ነበርኩ። አሰልጣኙ «የለጋሹን ልደት መዝግቡ። ቀኑ ሲደርስ ኮምፒውተሩ መልእክት ይላክለት። ከልብ የሆነ ቅርበት የሚፈጠረው እንዲህ ነው» አሉን። ማንም ያላሰበበት መልእክት ከልብ የሚሆነው በየት በኩል ነው? በጣም ነው ያናደደኝ።

ዋርካ፦ ወንድሜ፣ ምኑ ያናድዳል? ብዙ ሺህ ለጋሽ ያለው ድርጅት ለሁሉም በእጁ ይጻፍ? ልደት መመዝገብ ጭራሽ ከመርሳት ይሻላል።

ሰጪዋ፦ እኔ በየወሩ የምሰጥ ለጋሽ ነበርኩ። የልደት መልእክቱ አንድም ዓመት አልቀረም። «ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ?» ብዬ የጻፍኩት ኢሜይል ግን መልስ አጣ። ልደቴን የሚያውቅ ድርጅት ጥያቄዬን ማንበብ እንዴት ያቅተዋል? አቋረጥኩ።

ዋርካ፦ እህቴ፣ አንዱ ስላጠፋ ሁሉንም አትውቀሺ። እኔ የምሠራበት ድርጅት ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ልደትም ይመዘግባል።

ጎህ፦ ዋናው እውነቱን መናገር ነው። በኢንተርኔት ከሰዎች ገንዘብ እያሰባሰበ ለድሆች የሚያበድረውን ኪቫን ተመልከቱ። የተበዳሪዋን ፎቶ አይተህ 25 ዶላር ስታበድር ገንዘቡ በቀጥታ ለእሷ የሚሄድ ይመስልህ ነበር። በ2009 አንድ ተመራማሪ አብዛኛው ብድር ፎቶው ከመለጠፉ በፊት ተሰጥቶ ያለቀ መሆኑን ጻፈ። አበዳሪው ያ ቅርበት እውነት መስሎት ነበር።

ዋርካ፦ ኪቫን ተወው! ሲነገረው ገለጻውን አስተካከለ፤ ሰዎችም ማበደራቸውን ቀጠሉ።

ጎህ፦ እኔስ ምን አልኩ? እውነቱ ሲነገረው ሰው አይሸሽም። ታዲያ ልደቱን ምን አመጣው?

የሒሳብ ሰው፦ ልደቱን ትታችሁ አለቆቹን ጠይቁ። የለጋሾችን መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ የሚጠየቀው «በዚህ ሩብ ዓመት ስንት ገባ?» ብቻ ነው። ለጋሹ ጋ ደውሎ «ሥራው ዘግይቷል፤ ምክንያቱ ይሄ ነው» ያለ ሠራተኛ ሪፖርቱ ላይ የሚሞላው ቦታ የለም። ለጋሾችም «የእኔ ገንዘብ ለደመወዝ አይዋል» ትላላችሁ። የሚደውልላችሁ ሰው ምን በልቶ ይደውል?

ሰጪዋ፦ ጭራሽ ጥፋቱ ወደ እኛ ዞረ? ደመወዝ አትክፈሉ ያለው ማነው? ለደመወዝ ዋለ ብላችሁ ንገሩን። የምንሸሸው ስትደብቁን ነው።

ኮከብ፦ መደወልም ልክ አለው። እንግሊዝ ውስጥ በ2015 ለጋሾች በደብዳቤና በስልክ መጨናነቃቸው ሕዝቡን ስላስቆጣ፣ በ2016 የገንዘብ አሰባሰብ ተቆጣጣሪ አካል ተቋቋመ። በቀጣዩ ዓመት ለጋሹ «ከዚህ ድርጅት መልእክት አልፈልግም» ብሎ የሚያስቆምበት አገልግሎት ተጀመረ። ሰጪዋ፣ አንቺ እኮ ልደቴን መዝግቡ ብለሽ ፈቅደሻል?

ሰጪዋ፦ ማን ጠየቀኝ! ፎርሙ ላይ ካልሞላሁት አላሳልፍም አለኝ እንጂ።

ዋርካ፦ ፎርሙ ላይ እስማማለሁ፤ ሳያስፈቅዱ መመዝገብ ነውር ነው። መልእክቱን ግን አልተውም።

የሒሳብ ሰው፦ የደመወዙን ጥያቄ ዘለላችሁት። እሱን ሳትመልሱ የትም አንደርስም።