የ2 ዓመት ከ9 ወር ልጄ እኅቱ ከተወለደች ወዲህ ይናከሳል፣ መሬት ላይ ይንከባለላል፤ ምን ላድርግ?

የማሙሽ እናት፣ ሐዋሳ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ ሲሆን የ2 ዓመት ከ9 ወር ወንድ ልጅና የ10 ሳምንት ሴት ልጅ አሉኝ። ወንዱ ልጄ፣ እዚህ ማሙሽ እያልኩ ልጥራው፣ እኅቱ እስክትወለድ ድረስ እልኸኛ ቢሆንም በቀላሉ የሚባበል ልጅ ነበር። አሁን ግን በቀን አራትና አምስት ጊዜ መሬት ላይ እየተንከባለለ ያለቅሳል፤ የፈለገው ነገር ሲከለከል እጁ የገባውን ይወረውራል፤ ሕፃኗን ሳጠባ መጥቶ ክንዴን ይነክሳል። ባለፈው ሳምንት የእሷን እግር ነክሶ ምልክቱ እስከ ማግሥቱ አልጠፋም ነበር።

ከሁሉ የሚከብደኝ ከቤት ውጭ ስንሆን ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወስደነው ነበር። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ዓሣ አጥማጆች የሚጥሉላቸውን ትርፍራፊ ሲሻሙ እያየ ከአንድ ሰዓት በላይ በደስታ ቆየ። ባጃጅ ጠርተን "እንሂድ" ስንለው ግን ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየን ባለቤቴ በኀፍረት መቀመጫውን መታው፤ እኔ ደግሞ ዝም እንዲል ስልኬን ሰጠሁት። ያን ዕለት ሁለታችንም አዝነን ነው ያደርነው።

እኔን ለማረስ መጥተው አብረውን ያሉት አማቴ ሲያለቅስ አንጀታቸው ስለማይችል ከረሜላ ይሰጡታል። ባለቤቴ "ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል" እየተባለ ያደገ ነውና ቁጣ ይቀድመዋል። ሞግዚቷ "አያ ጅቦ መጣ"፣ "ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል" እያለች ታስፈራራዋለች። አንዲት ጎረቤታችን በበርበሬ እንድናጥነው መክራን ነበር፤ ይህን ግን እኔም ባለቤቴም ጨርሶ አንቀበለውም።

ሌላም ያስደነገጠኝ ነገር አለ። ሁለት ጊዜ በለቅሶ መካከል ትንፋሹ ቆሞ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ተዝለፈለፈብኝ፤ ወዲያው ራሱ ተንፍሶ ነቃ። ከዚያ ወዲህ እንዳያለቅስ ስለምፈራ የጠየቀውን ሁሉ እሰጠዋለሁ። ማታ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ይነሣል፤ ቀን የሚተኛው ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። የወሊድ ዕረፍቴ ሊያልቅ ስለሆነ አንድ የሕፃናት ማቆያ ጠይቀን ነበር፤ ያነጋገረችን ሴት "እኛ ጋ ትንሽ ቁንጥጫ ሲቀምስ በሳምንት ይስተካከላል" አለችን። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ሐዋሳ

የማሙሽ እናት፣ ጊዜ የማይሰጠው የማቆያው ጉዳይ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ልጅን በቁንጥጫ አስተካክላለሁ ለሚል ቦታ ማሙሽን አይስጡ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ስለዚህ "ልጄን እንዳትመቱ" ማለት እንደ ውለታ የሚለመን ነገር አይደለም። ሌላ ማቆያ ሲያዩ "ልጅ ሲናከስ ምን ታደርጋላችሁ?" ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። ከግቢው ስፋትና ከመጫወቻው ብዛት ይልቅ ስለ ቦታው ብዙ የሚነግርዎት ለዚህ የሚሰጡት መልስ ነው።

አሁን ደግሞ የቤታችሁን ነገር በማሙሽ ቦታ ሆነን እንየው። ሲያለቅስ አያቱ ከረሜላ ይሰጡታል፣ አባቱ ይቆጣዋል፣ ሞግዚቷ ታስፈራራዋለች፣ እናቱ ስልክ ትሰጠዋለች። የትኛው እንደሚደርሰው አስቀድሞ ማወቅ ስለማይችል እስኪያገኝ ድረስ መሞከሩ አይቀርም። አራት ጊዜ ከልክለነው በአምስተኛው ከሰጠነው የተማረው አምስት ጊዜ መጮህን ነው፤ እንዲህ አልፎ አልፎ የሚያስገኝ ለቅሶ ደግሞ ሁልጊዜ ከሚያስገኘው ይልቅ ለማስተው ይከብዳል። ስለዚህ አራታችሁም ልጁ በተኛበት ሰዓት ተቀምጣችሁ በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፦ በለቅሶ ምክንያት ከረሜላም ስልክም አይሰጥም፤ አይመታም፤ አይስፈራራም። ሌላውን ሁሉ ለጊዜው ተዉት።

ይህን ስትጀምሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለቅሶው ይብሳል። ይከፈትለት የነበረ በር የተዘጋበት ሰው ከመመለሱ በፊት ጠንክሮ እንደሚያንኳኳ ሁሉ ልጁም ድምፁን ከፍ አድርጎ ይሞክራል። ብዙ ወላጆች "ዘዴው አልሠራም" ብለው የሚተዉት በዚሁ ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ከተሸነፉ ግን የሚቀጥለው ለቅሶ ከዚህኛው ከፍታ ይጀምራል። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎ ያ ቀን ሲመጣ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው።

ከአሞራ ገደል ስትመለሱ ስለሆነው፣ "ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንሄዳለን" ቢሉት እንኳ ደቂቃ ለዚህ ዕድሜ አይታየውም። የሚያየውን ነገር ይንገሩት፦ "ያ ትልቁ አባ ኮዳ ሁለት ዓሣ ሲውጥ እናያለን፣ ከዚያ ባጃጅ ውስጥ እንገባለን።" ሁለተኛው ዓሣ ሲዋጥ ይነሡ። መሄዱ ለድርድር አይቀርብም፤ ከእናቱ ጎን ወይስ ከአባቱ ጎን እንደሚቀመጥ ግን እርሱ ይምረጥ። ከዚያም በኋላ ካለቀሰ አቅፈው እየወሰዱት "መሄድ አልፈለግህም፣ ተናደሃል" ይበሉት። ስሜቱን በቃል መግለጽ ገና ስላልቻለ ነው በጥርሱና በእግሩ የሚናገረው፤ ቃሉን ከእርስዎ አፍ ደጋግሞ ሲሰማ ቀስ በቀስ የራሱ ያደርገዋል።

እንቅልፉን ሳላነሣ ባልፍ ቅር ይለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ዕድሜያቸው 1 እና 2 ዓመት የሆነ ልጆች የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት እንዲተኙ ይመክራል፤ ስክሪን ደግሞ ከ2 ዓመት ጀምሮ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያ ባነሰ መጠን ደግሞ ይበልጥ እንደሚሻል ይናገራል። እንደ ነገሩን ከሆነ ማሙሽ ቢበዛ 9 ሰዓት ነው የሚተኛው። በየሁለትና ሦስት ቀኑ የመኝታውን ሰዓት በሩብ ሰዓት ቀደም እያደረጉ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያድርሱት። እንቅልፍ ያልጠገበን ልጅ ሥርዓት ለማስተማር መሞከር በእኔ ክፍልም ተሳክቶልኝ አያውቅም።

በጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ፣ ሐዋሳ

ትንፋሹ ስለ መቋረጡ ብቻ ልጻፍ። የነገሩን ነገር በለቅሶ ወይም በድንጋጤ ጊዜ ትንፋሽ መያዝ ከሚባለው ጋር ይመሳሰላል። ይህ ከ6 ወር እስከ 6 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ የሚታይ ሲሆን ልጁ ሆን ብሎ የሚያደርገው አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ራሱ ያልፋል። ሲደርስ በጎኑ አስተኝተው በአካባቢው ያለውን ጠንካራ ነገር ያርቁ፤ አይነቅንቁት፣ አፉ ውስጥ ምንም ነገር አይክተቱ፣ ውኃም አይርጩበት። ሳያለቅስና ሳይደነግጥ ከተዝለፈለፈ፣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሰውነቱ ረዘም ላለ ጊዜ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከነቃ በኋላ ግራ የመጋባት ነገር ካሳየ ግን ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

እነዚህ ምልክቶች ባይኖሩም እንኳ በዚህ ሳምንት አስመርምሩት፤ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ ችግር አለመሆኑን ሐኪም አይቶ መለየት አለበት። የደም ምርመራም እንዲታዘዝለት ይጠይቁ፤ ምክንያቱም የብረት ማዕድን እጥረት ያለባቸው ልጆች ይህ ነገር ይደጋገምባቸዋል፣ እጥረቱ ሲታከም ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ይቀንሳል። የብረት እጥረት ልጅን ነጭናጫም ያደርገዋል። አፈር ይበላል ወይ? ከምግብ ጋር ሻይ ይጠጣል ወይ? ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግድ በዚህ ዕድሜ ባይሰጠው ይሻላል። ምስር፣ ሥጋ ሲገኝ ሥጋ፣ ከምግቡ ጋር ብርቱካን ወይም ሎሚ የተጨመቀበት ነገር ይስጡት።

ሞግዚቷንም በትሕትና ያነጋግሯት። "ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል" እየተባለ ያደገ ልጅ እኛ ጋ ሲመጣ ገና ነጭ ልብስ ሲያይ ይጮኻል፤ ጉሮሮውን ማየት፣ ደረቱን ማዳመጥ አንችልም፤ በዚህ ምክንያት ሕመሙ ሳይታወቅ የቆየበት ልጅ አይቻለሁ። የበርበሬውን ጭስ አለመቀበላችሁ ተገቢ ነው፤ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን የሚጎዳ ነገር ነውና ለጎረቤታችሁም ቢነግሯት መልካም ነው።

የአምስት ልጆች አያት፣ አዳማ

ልጄ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። መምህርቷና ነርሷ የተናገሩት ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ አማትሽ ነው፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ያለሁ ሰው ነኝና። አያት ከረሜላ የምትሰጠው ልጅ ለማበላሸት አይደለም። እናቱ በአራስ ልጅ ተይዛ ሲያለቅስ እያየች የምትሰጠው ሌላ ነገር ስላጣች ነው። ስለዚህ "አይስጡት" ብለሽ ብቻ ብትከለክያቸው ባዶ እጃቸውን ታስቀሪያቸዋለሽ። በምትኩ ሥራ ስጫቸው፦ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩት እሳቸው ይሁኑ፤ ጠዋት ደግሞ ሕፃኗን እሳቸው ይያዙና አንቺ ከማሙሽ ጋር ብቻሽን አሥር ደቂቃ ተቀመጪ። በዚያ አሥር ደቂቃ ስልክም ምክርም አይኑር፤ እርሱ የመረጠውን ጨዋታ ተጫወችለት። ልጁ ያጣው እናቱን ነው፤ የሚነክሰውም በምታጠቢበት ሰዓት መሆኑ ይህንኑ ይነግርሻል።

በአንድ ነገር ከመምህርቷ ቃል ጥቂት ልጨምር። ለቅሶውን አትሸልሙ ማለት ልጁን ብቻውን ተዉት ማለት ተደርጎ እንዳይወሰድ እሠጋለሁ። ከአጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጪ፤ ብዙ አትናገሪ፤ እጅሽን ዘርግተሽ ጠብቂው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልጆቼን በአለንጋ ነው ያሳደግኳቸው፤ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ሆነው ሳለ ሲቸገሩ ወደ እኔ አይመጡም፣ ለታናናሾቻቸው ነው የሚነግሩት። ይህ እስከ ዛሬ ያመኛል። ባለቤትሽ በመታው ቀን አዝኖ ማደሩ ልቡ ወዴት እንዳለ ያሳያልና ከእርሱ ጋር አትከራከሪ፤ ሁለታችሁም አንድ ነገር ነው የምትፈልጉት። ደግሞም ልጅ ሲርበው፣ ሲሞቀው፣ ሲደክመው ይነጫነጫል፤ እዚህ አዳማ ሙቀቱ በሚበረታበት ወር የልጅ ልጆቼ ከሰዓት በኋላ ሁሉ እንደዚያው ናቸው። ከመቆጣትሽ በፊት እነዚህን ሦስቱን እዪ።

የማሙሽ እናት፣ ሐዋሳ (ከአራት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ማሙሽን አስመርምረነው ሄሞግሎቢኑ (የደም ማነስ የሚለካበት) 10.2 ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኘ፤ በእርሱ ዕድሜ 11 እና ከዚያ በላይ መሆን እንዳለበት ነግረውን የብረት ሽሮፕ ታዘዘለት። ከቁርስ ጋር ሻይ ይጠጣ እንደነበር ሳልደብቅ ልናገር፤ ጉዳት እንዳለው አላውቅም ነበር። የትንፋሹ ነገር ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ደረሰበት፤ በጎኑ አስተኝቼ ጠበቅኩት፣ ነቃ፣ ያለቀሰለትንም ብስኩት አልሰጠሁትም።

መምህርት እንዳሉት ሦስተኛውና አራተኛው ቀን እጅግ ከባድ ነበሩ። ማክሰኞ ዕለት በአንድ ሱቅ በር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል አለቀሰ፤ ባለቤቴ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ጠበቀው፣ አልመታውም። አሁን በቀን አንዴ፣ አንዳንድ ቀንም ጭራሽ የለም። አማቴ ተረት ነጋሪ ሆነው ማሙሽ በ2 ሰዓት ተኩል ባይሆንም በ3 ሰዓት ይተኛል። ማቆያውንም ቀይረናል። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ ሳጠባ መጥቶ መንከሱ ቀነሰ እንጂ አልተወም። በዚያ ቅጽበት ምን ልበል?

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት፣ ሐዋሳ

ባለቤትዎ በሱቁ በር ላይ ያደረጉት ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን እንደጻፍኩ ይንገሯቸው። ስለ መንከሱ፣ ፊቱን እያዩ ባጭሩና በረጋ ድምፅ "አይነከስም፤ ያማል" ይበሉትና መጀመሪያ የተነከሰውን ሰው ያባብሉ፤ ረጅም ተግሣጽ አይጨምሩ። መልሶ መንከስ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ከሁሉ የሚሻለው ቀድሞ መድረስ ነው፦ ማጥባት ከመጀመርዎ በፊት ይጥሩት፣ በሌላው ጎንዎ ያስቀምጡት፣ በማጥቢያ ሰዓት ብቻ የሚወጡ ጥቂት መጫወቻዎች በአንድ ቅርጫት ያዘጋጁለት። ሳይነክስ ሲቀር "ጎበዝ" ብቻ አይበሉት፤ "እኅትህ ስትጠባ በቀስታ ነካሃት፣ አየሁህ" ብለው ያደረገውን ነገር ራሱን ይንገሩት። ሁለትና ሦስት ሳምንት ይስጡትና ተመልሰው ይጻፉልን።