አሮጌ የብረት ፍሳሽ ቱቦን ከፒቪሲ ጋር እንዴት ላገናኝ?

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ጅማ ውስጥ የቧንቧ ሥራ የምትሠሩ። ሂርማታ አካባቢ ባለ የቆየ ቤት፣ የሽንት ቤት መቀመጫውን ከፍሳሽ ቱቦው የሚያገናኘው ተለጣጭ ፕላስቲክ ያፈሳል። ጅማ ዝናቡ ረጅም ስለሆነ መጀመሪያ የተጠረጠረው የመሬት እርጥበት ነበር፤ መቀመጫው ውስጥ ቀይ የምግብ ቀለም ጨምሮ ውሃ ሲለቀቅ ግን ከፕላስቲኩ ሥር ቀይ ጠብታ ወጣ።

ሲፈታ ፕላስቲኩ ከልክ በላይ ተስቦ መሃሉ ረግቧል፤ እጥፋቶቹ ውስጥ ቆሻሻ ተኝቶ እዚያው ተሰንጥቋል። ጫፉ ደግሞ በሲሚንቶ ተለስኗል። ሲሚንቶ ፕላስቲክን አይዝም፤ መቀመጫው በተነቃነቀ ቁጥር ይላቀቃል።

በ110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ (ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ) እና በጎሚቶ (የቱቦ ማጠፊያ) መተካቱ ይሻላል፤ ለ1 ሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁልቁለት መስጠትም አያስቸግርም። የቸገረኝ መጋጠሚያው ነው፦ ከወለሉ የሚወጣው የብረት ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 110ሩ አይገባም። ብረቱ ዝጎ ስለሳሳ በመዶሻ መምታት ያስፈራል፤ ከተሰነጠቀ ወለሉ ሊቆፈር ነው።

ከብረት ወደ ፒቪሲ የሚያሸጋግር፣ በውጭ በኩል በክላምፕ (በብሎን የሚጠብቅ የብረት ቀለበት) የሚታሰር የጎማ መጋጠሚያ ጅማ መርካቶ ይገኛል? ወይስ ብረቱን በግራይንደር አስተካክሎ ቆርጦ፣ ወደ ውስጥ የሚገባ ባለ ጎማ መቀነሻ (ሰፊውን ቱቦ ከጠባቡ የሚያገናኝ) ይሻላል? ብረቱ ከወለል በላይ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ክላምፑ ለመያዝ ይበቃዋል? የምታውቁ እባካችሁ የዕቃውን ስም ጻፉልኝ፤ ቤተሰቡ የጎረቤት ሽንት ቤት እየተጠቀመ ነው።