በጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን የሚመላለሰውን ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ ከየት እንፈልገው?
በአንድ የክልል ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የማገለግል ነርስ ነኝ። ጊዜያቸው ሳይደርስ ተወልደው ለቀናት በደህና የቆዩ ሕፃናት በድንገት መጥባት ያቆማሉ፣ ሰውነታቸውም ይቀዘቅዛል፤ የደም ካልቸር (በደም ውስጥ ያለን ጀርም አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ሲሠራ ጄንታማይሲንም ሆነ ሴፎታክሲም የተባሉት አንቲባዮቲኮች የማይበግሩት ክሌብሲየላ በተደጋጋሚ ይገኛል። ውሃ ሲጠፋ 80 በመቶ ኢታኖል ባለው የእጅ ማጽጃ እንጠቀማለን። ቦታ ሲጠብ ግን ሁለት ሕፃናትን በአንድ ማሞቂያ ላይ ለማስተኛት እንገደዳለን (ይህ ራሱ በሽታ እንደሚያስተላልፍ አይጠፋንም)። የኦክስጅን ማርጠቢያው ጠርሙስ፣ የአክታ መሳቢያው ቱቦና ለብዙ ሕፃናት እየተቀዳ የሚሰጠው የግሉኮስ ከረጢት ሁሉም ያጠራጥሩኛል፤ ሁሉንም ለማስመርመር ግን የላቦራቶሪያችን አቅም አይፈቅድም። ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁ ባለሙያዎች፣ ናሙና መውሰድ የጀመራችሁት ከየትኛው ነበር? የማርጠቢያውን ውሃስ በየስንት ሰዓቱ ትቀይራላችሁ?