ፋሲል ግቢ፣ ጥምቀተ ባሕር ወይስ ደብረ ብርሃን ሥላሴ? ለአንድ ቀን ተኩል፣ ከልጆችና ከአያት ጋር

ብርቱካን_ከአዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ሰዎች። የካቲት ላይ፣ በመንፈቅ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍት፣ ቤተሰብ ይዘን እንመጣለን። ልጆቹ 4፣ 8 እና 12 ዓመታቸው ነው። እናቴም አብራን ናት፤ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ደረጃ ይከብዳታል። ከባለቤቴ ጋር በጠቅላላ ስድስት ነን። ሐሙስ ረፋድ ላይ በአውሮፕላን አዘዞ እናርፋለን፣ ቅዳሜ ጠዋት እንመለሳለን። ያለን የሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ብቻ ነው።

ፋሲል ግቢን፣ ጥምቀተ ባሕሩን (“የፋሲል መዋኛ” የሚባለውን ገንዳ) እና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሁሉም ሰው “አይለፋችሁ” ይለናል። ቦታዎቹ ቅርብ ለቅርብ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ግን ትንሹ ልጅ ቶሎ ይሰለቻል። አንዱን መተው ካለብን የቱን እንተው? ከየቱስ እንጀምር?

ጃንተከል_ሥር

እንኳን ደህና መጣችሁ። ከሦስቱ የሚተው የለም። የምትወስኑት ቅደም ተከተሉን ነው፤ እሱን ደግሞ ሁለት ነገሮች ይወስኑላችኋል፦ ቲኬቱና ቅዳሴው።

የፋሲል ግቢ ቲኬት ለጥምቀተ ባሕሩም ያገለግላል፣ ግን በዚያው ቀን ብቻ። ስለዚህ ሁለቱን በተለያየ ቀን ማየት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ቲኬቱ የሚቆረጠው ግቢው ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ጥምቀተ ባሕሩ ሄዶ ወደ ፒያሳ (ወደ ጎንደር መሀል ከተማ) መመለስም ትርፉ ድካም ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የራሱ ክፍያ ስላለው ከነዚህ ጋር አይያያዝም። እሱን የሚያስረው ቅዳሴው ነው፦ በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው፤ ዐቢይ ጾም ከገባማ ከሰኞ እስከ ዓርብ ሁሉም ቀን እንደዚያው ነው። ዓርብ ከሰዓት ሥላሴን ለመጎብኘት የሚሄድ ሰው በር ላይ ይቆማል።

እንግዲህ ሐሙስ ከሰዓት ፋሲል ግቢና ጥምቀተ ባሕር፣ ዓርብ ጠዋት ሥላሴ።

ሐሙስ ምሳ በልታችሁ፣ ትንሹ ትንሽ አሸልቦ፣ 8 ሰዓት ላይ ግቢው በር ድረሱ። ከአጥሩ ውጭ ያለውን የጃን ተከል ዋርካ ለልጆቹ አሳዩአቸው፣ ከዚያ ግቡ። ውስጥ ስትገቡ ዝም ብላችሁ አትዙሩ፤ በነገሥታቱ ተራ ሂዱ። የ12 ዓመቱ ልጅ የሚይዘው ያኔ ነው፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ንጉሥ የአባቱን ቤት ትቶ በዚያው አጥር ውስጥ የራሱን ሠርቷል። አፄ ፋሲል (1632–1667) ትልቁን ባለ አራት ማማ ግንብ፣ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ታላቁ ኢያሱ (1682–1706) ጣሪያው እንደ ኮርቻ የተሠራውን፣ ዳዊት የዜማውን አዳራሽ፣ በካፋ ረጅሙን የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጣዎቹን፣ ከዚያ እቴጌ ምንትዋብ የራሳቸውን። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉም ብዙ ጊዜ ስጡ የምላችሁ ለኢያሱ ግንብ ነው። ብዙ ሰው ፍርስራሽ ነው ብሎ ፎቶ አንሥቶ ያልፈዋል። ግን በዘመኑ በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅና ከቬኒስ በመጣ መስተዋት ያጌጠ ቤት ነበር፤ በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲያስወጡ በቦምብ ተመታ። ባዶውን ጣሪያ ቀና ብለው እያዩ ይህን ሲሰሙ ልጆች ጥያቄ ያበዛሉ።

የ8 ዓመቱን በሥራ ያዙት። ግንቡ ጥቁር ድንጋይ በኖራ ተይዞ ነው፤ የመስኮትና የበር ቅስቶቹ ግን ቀላ ባለ ድንጋይ ናቸው። የትኛው ሕንፃ ላይ ቀዩ እንዳለ፣ የትኛው ላይ እንደሌለ ይፈልግ። የ900 ሜትሩ አጥርም 12 በሮች አሉት፣ ለየበሩ ስም አለው፦ እምቢልታ በር፣ እርግብ በር፣ ባልደራስ በር፣ ቋሊ በር እያለ ይሄዳል። ስማቸውን ከነምክንያቱ እንዲነግሯችሁ አስጎብኚውን ጠይቁ። ትንሹ ግን ሜዳው ላይ ይሩጥ፤ የአንበሶቹ ቤት ይበቃዋል።

ለእናትዎ፦ መሬቱ ሣርና የተነጠፈ ድንጋይ ነው፣ ቀስ ብለው ይሄዱበታል። የትልቁን ግንብ ደረጃ ግን አይሞክሩት። ድንጋዩ የለሰለሰ ነው፣ እርከኑ እኩል አይደለም፣ መውጣቱ ቢቻል እንኳ መውረዱ ጉልበት ይፈጃል። ምድር ቤቱን አይተው ጥላ ሥር አረፍ ይበሉ።

የቀሐ_ልጅ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ በሰዓቱ ላይ ግን አልስማማም። ግቢው ውስጥ እስከ 10 ሰዓት ከቆያችሁ ለጥምቀተ ባሕሩ የሚቀራችሁ ጥቂት ነው፤ ማታ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ይዘጋል። ከልጆች ጋር ከሆነ እኔ የምመርጠው ግቢውን በአንድ ሰዓት ተኩል ጨርሶ የቀረውን ጊዜ ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ማሳለፍ ነው። ፋሲል ግቢ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ጥምቀተ ባሕሩ ሳይነገርለትም ልጅ ይይዛል። ዙሪያው ጸጥ ያለ ነው፣ ዛፉ ትልልቅ ነው፣ ሥሮቹ አጥሩን ጨብጠው የወረዱበት ቦታ ላይ ልጆች ቆመው ይቀራሉ።

ስለ ውሃው አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ “መዋኛ” ሲባል ዋና ልብስ ይዘው የሚመጡ ልጆች አሉ። ገንዳው ውሃ የሚሞላው ለጥምቀት፣ ጥር 11 ነው፤ ከቀሐ ወንዝ በቦይ ተስቦ ይመጣል። ከዚያ ውጭ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ ነው። ደረቅ መሆኑ ግን ለማየት ይጠቅማል፦ መሀል ያለው ባለ ፎቅ ቤት የቆመባቸው ቅስቶች፣ ውሃ ሲሞላ የሚሸፈኑት፣ ያኔ ነው ቁልጭ ብለው የሚታዩት። ወደ ቤቱ የሚያደርሰው ድልድይም የድንጋይ ነው።

አንድ ከባድ ማሳሰቢያ። የገንዳው ጠርዝ መከላከያ የለውም፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ ደረቅ ሲሆን የሚወደቀው ድንጋይ ላይ ነው። የአራት ዓመቱን እጁን አትልቀቁት፤ ሁለት ትልልቅ ሰው ካለ አንዱ ሥራው እሱን መያዝ ብቻ ይሁን። ሥሮቹ ላይም አያስወጧቸው። ልጁ ባይወድቅ እንኳ ድንጋዩ ይናጋል፤ ሥሩና ግድግዳው ተደጋግፈው ነው የቆሙት።

ከገንዳው አጥር ውጭ በአምዶች ላይ የቆመች ትንሽ ባለ ጉልላት ቤት አለች። በአፈ ታሪክ የአፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መታሰቢያ ትባላለች። የፈረሱን ታሪክ ከአስጎብኚው አስነግሯቸው፣ ለ8 ዓመቱ ከነገሥታቱ ሁሉ ይበልጥበታል።

ከፒያሳ ጥምቀተ ባሕር ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስድስት ሆናችሁ አንድ ባጃጅ አይበቃችሁም፣ ሁለት ያዙ፤ ሹፌሮቹ እንዲጠብቋችሁ ከፈለጋችሁ የደርሶ መልሱን ዋጋ ከነመቆያው ከመሳፈራችሁ በፊት ተነጋገሩ። አመሻሽ ላይ እዚያ አካባቢ ባዶ ባጃጅ መጠበቅ ሊያቆያችሁ ይችላል።

ብርቱካን_ከአዲስ አበባ

እግዚአብሔር ይስጥልን። የቅዳሴውን ነገር አላሰብነውም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር፦ እናቴ ቁስቋምን ማየት ትፈልጋለች። ባለቤቴ ደግሞ ዓርብን ሙሉ ለሰሜን ተራሮች እናድርገው ይላል።

ሥላሴ_ሰፈር

ስለ ሥላሴ እኔ ልመልስ። ዓርብ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ድረሱ። ከመሀል ከተማ ቅርብ ነው፣ ግን ዳገት ስለሆነ እናትዎን አታስኬዷቸው፤ ባጃጁ በሩ ድረስ ይወጣል።

ከመምጣታችሁ በፊት ቀኑን እዩ። ሥላሴ ወር በገባ በ7 ነው። ዓርባችሁ የካቲት 7 ላይ ከዋለ ለእናትዎ በረከት ነው፣ ለጉብኝት ግን አይሆንም፤ ምእመናን ይበዛሉ፣ ልጆች ሥዕሉን ቀና ብለው የሚያዩበት ቦታም አያገኙም።

ጫማ ይወልቃል። ለሁሉም ልጆች ወፈር ያለ ካልሲ አድርጉላቸው፣ የጠዋቱ ወለል ይበርዳል። ሴቶች ነጠላ ይልበሱ። ፎቶ ያለ ብልጭታ ነው፤ ብልጭታው ቀለሙን ስለሚጎዳ ስልካችሁ ላይ ውጭ ሆናችሁ አጥፉት፣ ውስጥ ገብታችሁ ስትነካኩ ሳታስቡት ይበራል።

ስትገቡ ጨለም ይላል። ወዲያው “አየን” ብላችሁ አትውጡ፤ ጥቂት ደቂቃ ቁሙ፣ ዓይን ሲለምድ የጣሪያው መላእክት አንድ በአንድ ይወጣሉ። ፊታቸው ሁሉ አንድ ይመስላል፤ ዓይናቸው የሚያይበት አቅጣጫ ግን ይለያያል፣ ልጆቹ ይህን ይፈልጉ። ግድግዳው ላይ በእሳት የተከበበ የዲያብሎስ ሥዕል አለ። ትንሹ ሊፈራ ስለሚችል ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ አዙሩት። ለትልቁ ደግሞ ይህን ንገሩት፦ በ1888 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ድርቡሾች፣ የሱዳን መሐዲስቶች፣ ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህ ቤተ ክርስቲያን ተርፏል፤ የአካባቢው ሰው ንብ ወጥቶ አባረራቸው ይላል። ውጭ ስትወጡ አጥሩ ላይ ያሉትን 12 ማማዎች አስቆጥሯቸው፣ የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው።

ቁስቋምን ከሥላሴ በኋላ፣ ዓርብ ረፋድ ላይ ጨምሩት፣ እናትዎ ስለፈለጉት ብቻ ሳይሆን ይገባዋል። ደብረ ፀሐይ ቁስቋም የእቴጌ ምንትዋብ ቦታ ነው፤ አፅማቸው ከልጃቸው ከኢያሱ ዳግማዊና ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር በመስተዋት ሣጥን ተቀምጧል። ለትንሹ አይሆንም፣ ከአባቱ ጋር ውጭ ፍርስራሹ ዘንድ ይቆይ። መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነ ለእናትዎ ምርኩዝ ያዙ። የቁስቋም ወርኃዊ በዓል በ6 ነው፣ እሱንም እዩ።

ሳንቃበር_መንገድ

ሰሜን ተራሮችን ለዚህ ጉዞ አታስቡት። ደባርቅ ብቻ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ የፓርኩ ክፍያና ስካውት (አብሮ የሚሄድ የፓርክ ጠባቂ) አለ፣ ከዚያ እንደገና በጠጠር መንገድ ወደ ሳንቃበር ትገባላችሁ፣ ከፍታው 3,250 ሜትር ነው። ደርሶ መልስ ሲደረግ ቀኑ በመኪና ውስጥ ያልቃል፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን የምታዩት ምናልባት አንድ ሰዓት ነው። ለአራት ዓመት ልጅና ጉልበት ለሚያማቸው እናት አይመከርም። ሁለት ሌሊት ደባርቅ ወይም ፓርኩ ውስጥ ማደር ስትችሉ፣ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ጠይቃችሁ፣ ለብቻው ኑበት።

ጃንተከል_ሥር

የቀሐ ልጅ ስለ ሰዓቱ ያለው ትክክል ነው። ሐሙስ 7 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከምሳ በኋላ በሩ ሲከፈት ግቡ፣ 9 ሰዓት ላይ ውጡ። ያኔ ለጥምቀተ ባሕሩ ከሁለት ሰዓት በላይ ይኖራችኋል።

የቀሩ ትናንሽ ነገሮች፦ የሁላችሁንም መታወቂያ ያዙ፣ የአገር ውስጥና የውጭ ጎብኚ ክፍያ ይለያያል፤ የውጭ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ ከተቀላቀላችሁ የሱ ዋጋ ሌላ ነው። ግቢው በቅርብ ዓመታት እድሳት ላይ ስለነበረ የትኛው ሕንፃ ውስጥ እንደሚገባ ቲኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። አስጎብኚ በሩ ላይ ባጅ ካላቸው መካከል ያዙ፣ ዋጋውን ጨርሳችሁ፣ ጥምቀተ ባሕሩም እንደሚጨመር አስረግጣችሁ። ውሃ ከፒያሳ ግዙ፣ ሽንት ቤትም ከምሳ ቤቱ ሳትወጡ ይጠቀሙ። የየካቲት ፀሐይ ከሰዓት ላይ ይከብዳል፣ ለልጆቹ ኮፍያ፣ ለእናትዎ ጃንጥላ አይርሱ። ቲኬቶቹን ሁሉ አንድ ሰው ይያዝ፤ ጥምቀተ ባሕሩ በር ላይ እንደገና ይጠየቃሉ።