ሻቡ ሻቡ ወይስ ሱኪያኪ? ናቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትሞክሩ

ብርዱ ሲገባ ቶኪዮ አዲስ የመጡ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ። ጠረጴዛ ላይ እየተንተከተከ የሚበላውን ናቤ የሚባል የጃፓን የድስት ምግብ የት እንሞክር? የቱን እንዘዝ?

እኔ የምለው ከናቤ ዓይነቶች በሻቡ ሻቡ ጀምሩ ነው። ሱኪያኪን ለሌላ ቀን አቆዩት።

ሱኪያኪ ላይ ሥጋው በሶያ ሶስና በስኳር ይበስላል። ከዚያ በተመታ ጥሬ እንቁላል ውስጥ ነክራችሁ ትበላላችሁ። እዚህ አገር እንቁላል በጥሬው እንዲበላ ታስቦ ስለሚመረት አትፍሩት። ግን ጣፋጭ ሥጋ ከጥሬ እንቁላል ጋር፣ ቁርጥና ክትፎ ለለመደ ሰው እንኳ በመጀመሪያው ቀን ይከብዳል።

ሻቡ ሻቡ ሌላ ነው። ድስቱ ውስጥ ያለው ኮምቡ የሚባል የባሕር ተክል የተዘፈዘፈበት ውኃ ነው ማለት ይቻላል። ጣዕሙን የምትጨምሩት ራሳችሁ ናችሁ። ፖንዙ የሚባል ኮምጠጥ ያለ ሶስ አለ፣ የሰሊጥም አለ። የሰሊጡን እኛ ቶሎ እንለምደዋለን። የሚያቃጥል ለምትወዱ ሺቺሚ ጠይቁ፣ በርበሬ ያለበት የሰባት ነገር ድብልቅ ነው።

ስሙ የወጣው ሥጋው ውኃ ውስጥ ሲወዛወዝ ከሚያሰማው ድምፅ ነው። ያወጣለትም ኦሳካ ያለው ሱኤሂሮ ምግብ ቤት ነው፣ በ1952። አበላሉም እንደ ስሙ ነው። እንደ ወረቀት የሳሳውን ሥጋ አንድ በአንድ ያዙ፣ ሁለት ሦስቴ አወዛውዙ፣ ቅላቱ ሲጠፋ አውጡ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ሳህኑን ሙሉ እንደ ወጥ ገለበጥኩት። ሥጋው ደረቀ፣ መረቁም አረፋ ሞላው። አስተናጋጇ መጥታ በትንሿ ወንፊት አረፋውን እንዴት እንደምገፍ አሳየችኝ። ያቺን ወንፊት ተጠቀሙባት፣ መረቁ እስከ መጨረሻው ንጹሕ ይሆናል።

አሁን ወደ ቤቶቹ። ገንዘብ ለምትቆጥቡ ሻቡዮ ጥሩ ነው። አትክልቱን፣ እንጉዳዩንና ሶሱን ራሳችሁ እየተነሳችሁ ታመጣላችሁ። ምሳ ላይ ከእራት ይረክሳል። ሱኪያኪንና ሻቡ ሻቡን በአንድ ቤት ማወዳደር ከፈለጋችሁ ሞሞ ፓራዳይስ ሂዱ። አሳኩሳ የሚባለው የቶኪዮ ሰፈር ያለው ኢማሃን ከ1895 ጀምሮ የቆየ የሱኪያኪ ቤት ነው፣ ግን ውድ ስለሆነ እንግዳ ሲመጣ ይሻላል።

አንድ ነገር አደራ። እንደ ልብ ከሚበላባቸው ኮርሶች ርካሹ ብዙ ጊዜ የአሳማ ብቻ ነው። የማትበሉ ከሆነ ሳትቀመጡ "ቡታኒኩ ናሺ" በሉ፣ የአሳማ ሥጋ የለበትም ማለት ነው። "ግዩኒኩ" የበሬ ሥጋ ነው። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ሱኪያኪው ውስጥ ሳኬ ወይም ሚሪን የሚባል አልኮል ያለበት የሩዝ መጠጥ ሊኖር ስለሚችል ጠይቁ። በጾም ኮምቡው፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉና አትክልቱ ይሆናል፣ ግን ፖንዙው ውስጥ ብዙ ጊዜ የዓሣ መረቅ ይገባል።

ዱለት ወዳድ ከሆናችሁ ሞትሱናቤ የሚባል የፉኩኦካ ምግብ አለ። አንጀት ከጥቅል ጎመንና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ነው። የአሳማ የሚጠቀሙ ቤቶች ስላሉ እሱንም ጠይቁ። እኔ አሁን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ሰዓቱን አትርሱ። ብዙ ቦታ ከ90 እስከ 100 ደቂቃ ብቻ ነው የሚሰጣችሁ፣ የመጨረሻው ትእዛዝም ቀደም ብሎ ይዘጋል። ሥጋ ላይ ብቻ አትጨርሱት። መጨረሻ ላይ የሥጋው ጣዕም በገባበት መረቅ ኡዶን የሚባል ወፍራም የስንዴ ኑድል ወይም ሩዝ ይበስላል። ሆዳችሁ ውስጥ ለሱ ቦታ ተዉለት።