ራስ ደጀንን ለመውጣት፦ ከባሕር ጠረፍ ለሚመጣ ሰው የቀረበልን መርሐ ግብር ይስማማል?

አዲስ ተጓዥ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዱባይ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በኅዳር መጨረሻ ለዕረፍት ሲመጣ አብረን ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደን ራስ ደጀንን ለመውጣት አስበናል። እኔ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ስለምወጣ ለራሴ ብዙም አልሰጋም። ወንድሜ ግን ምንም እንኳ ጂም የሚያዘወትርና ከእኔ የበለጠ ጉልበት ያለው ቢሆንም፣ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ለብዙ ዓመታት በባሕር ጠረፍ የኖረና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነው። ያነጋገርነው አስጎብኚ ድርጅት ያቀረበልን መርሐ ግብር ጠዋት ከጎንደር በመኪና ተነስተን፣ ደባርቅ ላይ የፓርኩን መግቢያ ከፍለን፣ በዚያው ዕለት ጨነቅ ካምፕ እንድናድርና በማግስቱ የቧሂትን ተራራ ተሻግረን ወደ አምቢቆ መንደር እንድንወርድ የሚል ነው። ቀኑንም ወጪውንም ስለሚቀንስ ወድደነው ነበር፤ ለእርሱ ይስማማዋል ወይ የሚለው ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሁለታችንም ጾም የምንጾም በመሆናችን ጉዞው በጾመ ነቢያት ላይ መዋሉም ያሳስበኛል። መንገዱን የምታውቁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሰሜነኛው፦
ሰላም ለእርስዎ ይሁን። እኔ ደባርቅ ተወልጄ ያደግሁና በአስጎብኚነት የምሠራ ነኝ። በግልጽ ለመናገር፣ ይህ መርሐ ግብር ለወንድምዎ አይስማማም፤ ለእርስዎም ቢሆን አልመርጠውም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ፣ ጨነቅ ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ያህል ወጥታችሁ ልታድሩ ነው ማለት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል፤ መኪና ግን ይህን ሁሉ በግማሽ ቀን ስለሚያልፈው ሰውነት የሚላመድበት ጊዜ አያገኝም።

እኔ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ የመጀመሪያውን ሌሊት 2,850 ሜትር ላይ በሚገኘው ደባርቅ፣ ሁለተኛውን 3,250 ሜትር ላይ ባለው ሳንቃበር፣ ሦስተኛውን በ3,600 ሜትር ግጭ ካምፕ ማደር፤ ከዚያም በእሜት ጎጎ አፋፍ በኩል፣ 3,926 ሜትር ላይ ወጥታችሁና ቁልቁል ያለውን ቆላ አይታችሁ፣ ወደ ጨነቅ በእግር መድረስ። በዚህ አካሄድ ጨነቅ ስትደርሱ ሰውነታችሁ ከፍታውን ለምዶታል፤ ደግሞም የጅንባርን ፏፏቴና የጭላዳ መንጎችን በመኪና መስኮት ሳይሆን በእግራችሁ እየሄዳችሁ ታያላችሁ።

ከጨነቅ በኋላ ያለው መንገድ በራሱ ለመላመድ የሚያግዝ ቅርጽ አለው። የቧሂትን መተላለፊያ ከ4,200 ሜትር ከፍታ በላይ አልፋችሁ ወደ 2,800 ሜትር ገደማ ወደሚገኘው የመሸሃ ወንዝ ትወርዱና እንደገና ጥቂት ወጥታችሁ 3,200 ሜትር አምቢቆ ታድራላችሁ፤ ይኸውም ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ሌሊት ዝቅ ብሎ ማደር ነው። ወደ ራስ ደጀን፣ ማለትም ወደ 4,550 ሜትር፣ የምትነሱት ከዚያ በሌሊት ሲሆን ጫፉ አጠገብ በእጅ ድንጋይ እየያዙ የሚወጡበት አጭር ቦታ አለ። ብዙ ሰው ጉልበቱን ሁሉ ለዚያ ቀን ያስቀምጣል፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚከብደው በማግስቱ ከመሸሃ ተነስቶ የቧሂትን መተላለፊያ መልሶ መውጣቱ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም ከ1,400 ሜትር በላይ የሚሆነው ዳገት የሚመጣው እግር ከደከመ በኋላ ነው። ስለዚህ ከጭነት በቅሎዎች ሌላ የሚጋለብ በቅሎ ጭምር ከነባለቤቷ እንድትከራዩ አሳስባችኋለሁ። ስካውቱም (አብሯችሁ የሚሄደው የታጠቀ የፓርኩ ጥበቃ) ሆነ አስጎብኚው ሕመም ሲነገራቸው ቅር አይላቸውም፤ ጉዞ የሚበላሸው ተጓዡ ራሱን እያመመው "ደህና ነኝ" ሲል ነው።

የድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ እኔ የጤናውን ጉዳይ ልጨምር። በ4,500 ሜትር ከፍታ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ዱባይ 21 በመቶ ነው፤ የአየሩ ግፊት ግን ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር ከ60 በመቶ በታች ስለሚሆን በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጂም የለመደ ጡንቻ ከዚህ አያድንም። እንዲያውም ጉልበት ያለው ሰው ፈጥኖ ስለሚወጣ ለሕመሙ ሊጋለጥ ይችላል። እርስዎ ዘወትር በ2,300 ሜትር ገደማ ስለሚኖሩ በተወሰነ ደረጃ ለምደዋል፤ ወንድምዎ ግን ከዜሮ ነው የሚነሱት።

የከፍታ ሕመም እንደደረሱ ወዲያው ላይሰማ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ቆይቶ ስለሚጀምር፣ በቀትር ጨነቅ ደርሶ ሲሥቅና ፎቶ ሲያነሣ የዋለ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ በራስ ምታት፣ በማቅለሽለሽና በማዞር ሊነቃ ይችላል። እንዲህ ከሆነ በማግስቱ ወደ ላይ አይኬድም፤ ባለበት ያርፋል፣ ካልተሻለው ይወርዳል። ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ የማያቋርጥ ሳል ከያዘው፣ ወይም ተረከዙን ከጣቱ እያገናኘ በቀጥታ መስመር መራመድ ካቃተውና ንግግሩ ከተምታታ ግን ሳንባው ወይም አንጎሉ ውኃ እየቋጠረ ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ መውረድ አለበት። በዚህን ጊዜ ብቻውን እንዳትሰዱት።

አሲታዞላማይድ የሚባለው መድኃኒት ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ሲጀመር ሰውነት ቶሎ እንዲላመድ ያግዛል፤ ለመከላከል በተለምዶ የሚታዘዘውም 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ሆኖም ሽንት ስለሚያበዛ፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችም እንዲሁ ስለሆኑ፣ ወንድምዎ ከዱባይ ሳይነሱ መድኃኒታቸውን ይዘው ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለባቸውም ይናገሩ። የደም ግፊት ራሱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ሊል ስለሚችል መለኪያውን ይዛችሁ ሂዱ። የእንቅልፍ መድኃኒትና አልኮል በከፍታ ላይ ፈጽሞ አይወሰዱ።

ጅብራ፦
ስለ ጾሙና ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። የካምፕ ምግብ አብሳዮች አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጁት ለውጭ አገር ጎብኚ በእንቁላልና በፓስታ ስለሆነ፣ የጾም ምግብ እንደምትፈልጉ ደባርቅ ላይ ሸመታው ከመጀመሩ በፊት ተናገሩ። በዚያ ከፍታ ውኃ ከ90 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ምስርና ባቄላ እንደ ቤት አይበስሉላችሁም፤ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ቴምር ይሻሏችኋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብም ውኃም ሳይቀምሱ ስድስትና ሰባት ሰዓት ዳገት መውጣት ግን ከባድ ነው፤ በተለይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው። የንስሐ አባታችሁን ከወዲሁ ብታማክሩ መልካም ነው።

ሌሊቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ከድንኳኑ በላይ የመኝታ ከረጢቱ ወሳኝ ነው፤ ከድርጅቱ የምትከራዩ ከሆነ አውጥታችሁ እዩት። ጋቢ ማታ ካምፕ ላይ ለመደረብ ጥሩ ነው፤ ሲሄዱ ግን ጥጥ ላብ ይዞ ስለሚያቀዘቅዝ ቀለል ያለ ሱፍ ወይም ቶሎ የሚደርቅ ልብስ ይሻላል። አዲስ ጫማ ገዝቶ በቀጥታ ወደ ሰሜን መሄድ አይሆንም፤ ወንድምዎ ከአሁኑ ገዝተው የሕንፃ ደረጃ እየወጡ፣ በተለይም እየወረዱ ይልመዱት። የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ መነጽርና ባርኔጣም አይርሱ፤ ቅዝቃዜው ፀሐይዋን ያስረሳል እንጂ እንደዚያ ከፍታ ቆዳ የሚያቃጥል የለም።

አንድ ሐሳብ ደግሞ ልጨምር፤ ሰሜነኛው ላይስማማ ይችላል። ጊዜያችሁ አጭር ከሆነ ራስ ደጀንን ትታችሁ ቧሂትን ብትወጡስ? 4,430 ሜትር ነው፤ ከጨነቅ ደርሶ በአንድ ቀን ይመለሱበታል፤ ዋልያም የሚታየው በዚያው አካባቢ ነው። የመሸሃን ገደል ሁለት ጊዜ ከመሻገርም ትድናላችሁ።

አዲስ ተጓዥ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ወንድሜ ራስ ደጀንን ካላየሁ ብሏል፤ ቀን መጨመሩን ግን ተቀብሏል። ከዱባይ እንደመጣ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ብናቆየውና ከእኔ ጋር እንጦጦ ቢወጣ ይጠቅመዋል? ድርጅቱን መርሐ ግብሩን እንዲቀይር ስጠይቅስ በተለይ ምን ላስጽፍ?

ሰሜነኛው፦
በጣም ይጠቅመዋል። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሚደርስ ቀን ወጥቶ ማታ ከተማ ወርዶ ማደሩ ጥሩ መለማመጃ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን ግን ይረፍ። የጅብራም ሐሳብ የሚናቅ አይደለም፤ ጨነቅ ስትደርሱ ወንድምዎ ጤናቸው ካልተሟላ ቧሂትን ብቻ ወጥታችሁ እንድትመለሱ ከወዲሁ ተስማሙ። በውሉ ላይ የእያንዳንዱ ሌሊት ማደሪያ ከነከፍታው፣ አንድ የመጠባበቂያ ቀን፣ የሚጋለብ በቅሎ፣ የጾም ምግብ፣ እንዲሁም አንዱ ቢታመም ማን ይዞት እንደሚወርድና መኪና ከየት እንደሚቀበለው ይጻፍ፤ ሁለት ሰው ስለሆናችሁ አንዱ ሲወርድ ሌላው ካለ አስጎብኚ እንዳይቀር ረዳት አስጎብኚ መኖሩን አረጋግጡ። የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ በሚመለከት ደግሞ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፣ ከጎንደር በምትነሱበት ዋዜማም እንደገና፣ ደባርቅ ወዳለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውላችሁ ጠይቁ።