ሰው አልባዋ ቶሪሺማ፦ ነዋሪዎቿን ያጣችው በእሳተ ገሞራው ብቻ ነው?

ጥያቄ

ከቶኪዮ በስተ ደቡብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኘው ቶሪሺማ ስለተባለች ትንሽ የጃፓን ደሴት ለማወቅ እፈልጋለሁ። በካርታ እንደማየው የኢዙ ደሴቶች ሰንሰለት አካል ናት፤ ሰው ግን አይኖርባትም። ከእርሷ በስተ ሰሜን ያሉት ሀቺጆጂማና አኦጋሺማም እንደ እርሷ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ደሴቶች ሲሆኑ እስከ ዛሬ ድረስ ነዋሪ አላቸው። ታዲያ ቶሪሺማን ከእነርሱ የሚለያት ምንድን ነው? ቀድሞ ሰው ኖሮባት ከነበረስ በምን ምክንያት ለቀቃት? የምታውቁ በዝርዝር ብትጽፉልኝ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያ መልስ

በቅድሚያ ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልግለጽ።

ቶሪሺማ ከባሕር ወለል የተነሣ የአንድ ትልቅ እሳተ ገሞራ ጫፍ ናት። ቅርጿ ወደ ክብ የተጠጋ ሲሆን ስፋቷ 4.8 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከፍተኛው ቦታዋ 394 ሜትር ነው። ዳርቻዋ አብዛኛው ገደል ስለሆነና የተፈጥሮ ወደብ ስለሌላት ጀልባ ሊጠጋት የሚችለው ባሕሩ ጸጥ ባለ ቀን ብቻ ነው። ኩሮሺዮ የተባለው ሞቃት የውቅያኖስ ጅረት በአካባቢው ስለሚያልፍ የአየር ንብረቷ ከፊል ሞቃታማ ነው፤ ዝናብም አያጥራትም። ይሁን እንጂ የዘነበው ውኃ በአመዱና በድንጋዩ ውስጥ ሰርጎ ስለሚጠፋ የሚጠጣ ምንጭ የላትም።

ሰው የኖረባት ዘመን አጭር ነበር። በነሐሴ ወር 1902 እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ በደሴቲቱ የነበሩት 125 ነዋሪዎች አንድም ሳይተርፍ አለቁ። በ1939 እንደገና ሲፈነዳ በዚያ የነበሩት ሰዎች ለቅቀው ወጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1947 የአየር ሁኔታ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቋመባት፤ በ1965 ግን ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ በመከሰቱና ፍንዳታ ይመጣል ተብሎ በመፈራቱ ሠራተኞቹ በሙሉ እንዲወጡ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ቋሚ ነዋሪ የላትም። በ2002ም አነስ ያለ ፍንዳታ ደርሶባታል። ስለዚህ ለጥያቄዎ የእኔ መልስ እሳተ ገሞራው ነው የሚል ነው።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ምክንያቱን በእሳተ ገሞራው ላይ ብቻ መጣል አይበቃም። ጠያቂው የጠቀሷትን አኦጋሺማን እንመልከት። በ1785 በደረሰባት ፍንዳታ ከመቶ በላይ ሰዎች ሲሞቱ የተረፉት ወደ ሀቺጆጂማ ተሰደዱ፤ ነገር ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ስደት በኋላ ተመልሰው ቀያቸውን አቀኑ። ወደዚያ የመለሳቸው የአባቶቻቸው እርሻና መቃብር በዚያ መኖሩ ነው። ቶሪሺማም ብትሆን ከ1902ቱ እልቂት በኋላ ሰው ተመልሶ ገብቶባታል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሰዎች መጀመሪያ ወደዚያች ደሴት ለምን ሄዱ የሚለው ነው።

የሄዱት ለአልባትሮስ ላባ ነው። የደሴቲቱ ስም ራሱ የወፍ ደሴት ማለት ነው። አጭር ጅራት ያለው አልባትሮስ ክንፉን ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር በላይ የሚሆን ነጭ የባሕር ወፍ ሲሆን በየዓመቱ በጥቅምት ወር ገደማ ለመራባት ወደ ቶሪሺማ ይመጣ ነበር። ሰውን አይፈራም፤ ከመሬት ለመነሣትም መንደርደር ስለሚያስፈልገው ሰው በዱላ ሲመጣበት ማምለጥ አይችልም። ታማኦኪ ሃኔሞን የተባለ የሀቺጆጂማ ሰው በ1887 ሠራተኞች ይዞ ገባና ላባውን ለፍራሽና ለብርድ ልብስ መሙያነት ወደ ውጭ አገር መላክ ጀመረ። እስከ 1902 ድረስ ባሉት 15 ዓመታት ብቻ 5 ሚሊዮን ያህል ወፎች እንደተገደሉ ይገመታል። በ1902 የሞቱት 125 ሰዎች በዚሁ ሥራ ምክንያት በዚያ የሰፈሩ ነበሩ፤ ባለሀብቱ ራሱ በዚያን ጊዜ በደሴቲቱ አልነበረም። ለአንድ ሰው ንግድ ሲሉ በእሳት አፍ ላይ የኖሩት እነዚህ ሰዎች ስማቸው እምብዛም አለመነሣቱ ያሳዝነኛል።

ከፍንዳታው በኋላ የገቡትም ሰዎች ያንኑ ወፍ ማደናቸውን ቀጠሉ። በ1933 መንግሥት አደኑን ሲከለክል እገዳው እንደሚመጣ አስቀድመው የሰሙት ነዋሪዎች ቀድመው ብዙ ወፍ ጨፈጨፉ። የ1939ኙ ፍንዳታ ሲደርስ እንግዲህ ለንግድ የሚበቃ ወፍ አልቀረም ነበር። በእኔ አስተያየት ሰፈራው እንደ አኦጋሺማ ሳያንሰራራ የቀረው የሚመልስ ምክንያት ስላልነበረው ነው፤ እሳተ ገሞራው የመጨረሻውን በር ዘጋ እንጂ ሰፈራውን ባዶ ያደረገው እርሱ ብቻ አይደለም።

ሦስተኛ መልስ

በሁለቱም መልሶች ያልተነሡ፣ ሳይፈልጉ በደሴቲቱ የኖሩ ሰዎችም አሉ። በክረምት የሚነፍሰው ብርቱ የምዕራብ ነፋስና የኩሮሺዮ ጅረት የተሰበሩ ጀልባዎችን እየገፉ ወደዚያ ያደርሱ ነበር።

ቾሄይ የተባለ የቶሳ አገር መርከበኛ በ1785 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር በዚያ ተጣለ፤ ሦስቱ ሞተው ብቻውን ቀረ። የአልባትሮስ ሥጋና እንቁላል በላ፤ ወፎቹ በበጋ ወደ ሰሜን ከመሄዳቸው በፊትም ሥጋውን አድርቆ አስቀመጠ። ምንጭ ስለሌለ የዝናቡን ውኃ የሚያጠራቅመው የእንቁላሉን ቅርፊት በረድፍ ደርድሮ ነበር። ከዓመታት በኋላ የሌሎች ሁለት መርከቦች ሰዎችም በተመሳሳይ አደጋ ደረሱበት። በደሴቲቱ ለጀልባ የሚሆን ዛፍ ስላልነበረ ማዕበል የሚያመጣውን እንጨት ለዓመታት ሰብስበው፣ ያገኙትን ብረት ቀጥቅጠው ሚስማር አድርገው በ1797 ጀልባ ሠሩና 14 ሆነው ወደ ሰሜን ተጉዘው ዳኑ።

በ1841 ደግሞ አምስት የቶሳ ዓሣ አጥማጆች በዚያው ዳርቻ ወድቀው 143 ቀናት ኖረዋል። ያወጣቸው የዊሊያም ዊትፊልድ የአሜሪካ ዓሣ ነባሪ አዳኝ መርከብ ነበር። ከእነርሱ መካከል የ14 ዓመቱ ማንጂሮ ከካፒቴኑ ጋር ወደ ማሳቹሴትስ ሄዶ እንግሊዝኛና የመርከብ አመራር ተማረ፤ በ1851 ወደ ጃፓን ተመልሶም አገሪቱ በሯን ለውጭ ዓለም በከፈተችበት ዘመን በአስተርጓሚነትና በመምህርነት አገለገለ። በሕይወት ያቆዩት ወፎቹ ናቸው።

ጠያቂው

ሦስታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወፉ ዛሬ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት ነው?

ሁለተኛ መልስ ሰጪ

አልጠፋም። በ1949 ኦሊቨር ኦስቲን የተባለ አሜሪካዊ የአዕዋፍ ተመራማሪ በአካባቢው ፈልጎ አንድም ስላላገኘ ዘሩ ጠፍቷል ብሎ ነበር። ነገር ግን ከጎጆ የወጣ ጫጩት ለመራባት እስኪደርስ ድረስ ለበርካታ ዓመታት በባሕር ላይ ይቆያል፤ ስለዚህ በዚያን ጊዜ ከዕልቂቱ የተረፉት ጥቂቶች በሰሜን ፓስፊክ ላይ ነበሩ። በጥር 1951 የአየር ሁኔታ ጣቢያው ሠራተኛ አሥር ያህል ወፎች በደቡብ ምሥራቁ ቁልቁለት አገኘ።

በዚህ ላይ የቶሆ ዩኒቨርሲቲው ሂሮሺ ሃሴጋዋ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሠሩት ሥራ ሊመሰገን ይገባል። ወፎቹ የሚራቡበት ቁልቁለት ልቅ አመድ በመሆኑ ዝናብ ሲጥል እንቁላሉና ጫጩቱ ከነአፈሩ ይንሸራተት ነበር፤ ጥንዶቹ በዓመት ከአንድ እንቁላል በላይ ስለማይጥሉ ደግሞ የጠፋው አይተካም። ከ1981 ጀምሮ አፈሩን የሚይዝ ሣር ተተከለ። ቀጥሎም ናዳ በማያሰጋው በምዕራቡ በኩል የወፍ አምሳያዎች ተተክለው የተቀዳ የአልባትሮስ ድምፅ ይሰማ ጀመር፤ ወጣቶቹ ወፎች ጓደኛ ያለበት መስሏቸው እየወረዱ በ1995 የመጀመሪያዎቹ ጥንዶች በዚያ እንቁላል ጣሉ። ዛሬ ቁጥራቸው በሺዎች ይቆጠራል።

ሆኖም አብዛኞቹ አሁንም የሚራቡት በዚህ በሚፈነዳ ተራራ ላይ ነው። ለዚህም ሲባል ከ2008 እስከ 2012 ድረስ 70 ጫጩቶች 350 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ እሳተ ገሞራ ወደማያሰጋው ወደ ሙኮጂማ ተወስደው በሰው እጅ እየተመገቡ አደጉ። ከእነርሱ አንዱ አድጎ ተመለሰና በ2016 በሙኮጂማ የመጀመሪያው ጫጩት አደገ።